ለወረዳው የሚጻፈው የማዳበሪያ ድጎማ ደብዳቤ፤ ረቂቅ 2 (ገበሬዎቹ የተጻጻፉት፤ እያንዳንዱ በሰፈሩ ወይም በሥራው ተጠርቷል)

ጸሐፊ፦ እሑድ የተስማማነው ሦስት ነገር ነው። ማዳበሪያው የገባበት ዋጋና መንግሥት የደጎመው ብር መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ። የመጓጓዣና የማውረጃ ተብሎ የሚጨመረው ለብቻው ይጻፍ። የበቆሎው ግንቦት ሳይገባ፣ የስንዴና የጤፉ ሰኔ ሳያልቅ ይድረስ። መጨረሻ ላይ «ለአንድ አባወራ ቢያንስ 4 ማዳበሪያ» ብያለሁ። እስከ ዓርብ ያላችሁን በሉ።

ላይ ጎጥ፦ 4 ማዳበሪያ ምን ማለት ነው?

ጸሐፊ፦ ምኑ ነው ያልገባህ?

ላይ ጎጥ፦ ማዳበሪያ ከረጢቱም ነው፣ ውስጡም ነው። ባለ 50 ኪሎው ከሆነ 2 ኩንታል ነው። አምና በዚሁ አይደል የተበላነው? ደብተሩ ላይ ኩንታል፣ ትከሻችን ላይ ከረጢት።

ገንዘብ ያዥ፦ የተበላ የለም። ደረሰኝህን ይዘህ ና።

ላይ ጎጥ፦ መች ሰጣችሁኝና!

እማወራ፦ «አባወራ» ብቻ ነው እንዴ የሚያርሰው? እኔ የት ልግባ?

የወንዙ ማዶ፦ ሁለቱን የማዳበሪያ ዓይነት፣ በሄክታር 1 ኩንታል ዳፕ፣ 1 ኩንታል ዩሪያ ሲባል ነው የኖርነው። ለአንድ ቃዳ፣ ለሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ ከየዓይነቱ ግማሽ ከረጢት። 4 ከረጢት ሄክታር ላለው ነው፤ ስንቶቻችን ነን ሄክታር ያለን?

ደብረ ማርቆስ የሚማረው፦ ዳፕ ብቻ አይደለም። ኤንፒኤስ የሚባል ማዳበሪያም መጥቷል፤ ከመቶው 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ሰልፈር።

ላይ ጎጥ፦ አንተ ደግሞ! ኪሎ ስጠይቅ ክርስትና ስሙን ትነግረኛለህ?

ገንዘብ ያዥ፦ «ተበላን» ያለው ቃሉን ያንሣ። ካላነሣ ቁልፉን አስረክባለሁ።

ሽማግሌው፦ ተዉ እንጂ ልጆች፣ ውኃ ወቀጣ ሆነ። የብሩ ምንዛሪ በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ሌላ ነው። መንግሥት ልዩነቱን ደጎምኩ ይላል፤ እኛ ስንቱን እንደደጎመ አናይም። የተነሣነው ይህን ልንጠይቅ ነው። የከረጢቱን ነገር «ኪሎ» ብላችሁ ጻፉና እለፉት።

ላይ ጎጥ፦ ኪሎ ከተባለ ሚዛን ይምጣ። መጋዘኑ ሚዛን የለውም።

የወንዙ ማዶ፦ ይሄ ልክ ነው። ባለፈው የተቀደደ ከረጢት በሙሉ ዋጋ ነው የወሰድሁ።

መጋዘን ጠባቂ፦ አይጥ ቢቀደው እኔ ምን ላድርግ? ሚዛን ከመጣስ መዛኙን ማን ይከፍለዋል?

ጮቄ ተራራ ሥር፦ ሚዛን ከምትለምኑ ኖራ ለምኑ። የኛ መሬት አሲድ በዝቶበት ኮምጥጧል፣ የሚያበርደው ኖራ ነው፤ ዳፕ በሉት ኤንፒኤስ፣ ገብሱ አይይዘውም። ኖራው ደጀን ወረዳ ይፈጫል፣ እኛ ጋ ግን አይደርስም። ኖራው ካልገባ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ይገባል። ማን ነው በኮምፒውተር የሚጽፈው? ተማሪው እጽፋለሁ ብለህ ነበር።

ጸሐፊ፦ ተማሪው?

ገንዘብ ያዥ፦ ላይ ጎጥ ትናንት ገበያ ላይ አግኝቶኝ ተነጋግረናል፣ አልፏል። ሚዛኑን እኔም እደግፋለሁ፤ ከሐሜት ያድነኛል።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 በእጄ ጽፌዋለሁ። አንድ፣ ሚዛን። ሁለት፣ የመዛኝ አበል። ሦስት፣ ኖራ ከደጀን። አራት፣ 200 ኪሎ። አምስት፣ በወቅቱ ይድረስ።

ሽማግሌው፦ ዋጋው ይለጠፍ የሚለውስ?

ጸሐፊ፦ ገጹ ሞላ። አባሪ ላይ አደርገዋለሁ።

እማወራ፦ አሁንም «አባወራ» ነው የሚለው።

መጋዘን ጠባቂ፦ ባዶ ከረጢቱ የማን እንደሆነም ይጻፍበት።