ጥቆማ፦ ድዴ ሸሽቶ ምግብ ጥርሴ መሃል እየገባ ተቸግሬያለሁ፣ መሃል ከተማ የት ልሂድ?

ሊያ አራት ኪሎ
ሰላም ለሁላችሁ። 38 ዓመቴ ነው። ከጊዜ ወዲህ የታችኛው ድዴ እየሸሸ የጥርሴ ሥር መታየት ጀምሯል። ጥብስ ከበላሁ የሥጋው ጅማት መንጋጋዬ መሃል ይሰነቀርና ምላሴ እሱን ሲፈልግ ይውላል። ባለፈው ምሳ ላይ ስቴኪኒው እዚያው ተሰበረብኝ። ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ ነው ያወጣሁት። ሥራዬ ስታዲየም ጋ ነው። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ጥሩ የጥርስ ክሊኒክ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ለጥርስ መሃል የሚሆን ብሩሽ የት እንደሚገኝም ንገሩኝ።

የካዛንቺስ ልጅ
እህቴ፣ ብቻ እንዳትታጠቢ! እኔ አንድ ክሊኒክ ጥርሴን ካሳጠብኩ በኋላ ነው ጉዴ የፈላው። አንዲት ቃል ሳይነግሩኝ በማሽን ፋቁት። ቤት ገብቼ በመስታወት ሳየው የፊት ጥርሶቼ መሃል ወለል ብሏል። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ እስከ ጭንቅላቴ ይሰማኛል። ተመልሼ ብጠይቃቸው «ድሮም እንዲህ ነበር» አሉኝ።

ቤቲ
ውይ ወንድሜ! እኔም ነገ ልታጠብ ቀጠሮ ነበረኝ፣ ሰረዝኩት። የቱ ክሊኒክ ነው? በውስጥ ንገረኝ።

ጋሽ ተ.
ማጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ሲባል አልሰማችሁም? እኔ የወይራ መፋቂያ ነው የምጠቀመው። ክትክታም ጥሩ ነው። ክሊኒክ ሄጄ አላውቅም።

ሀናን መርካቶ
ጋሼ ልክ ነዎት። አንዋር ጋ ሚስዋክ በየቀኑ ትኩስ አለ። ጫፉን ቆርጦ በየጊዜው ማደስ ነው።

ዮኒ
እሷ ክሊኒክ ጠየቀች፣ እናንተ ደን ልታስመነጥሯት ነው። በርቱ!

ሀናን መርካቶ
አንተስ ምን ጠቆምክ?

ወ/ሮ አልማዝ
ልጄ፣ እኔ አንድ ሐኪም አለኝ፣ ከእሱ ሌላ አልሄድም። ፒያሳ ነበር፣ ቤቱ ሲፈርስ ለቀቀ። ተከትዬው ሄድኩ፣ ሁለት ታክሲ ነው። እጁ ሲነካሽ አይታወቅሽም።

ቤቲ
እትዬ፣ ድድዎ ዳነልዎት?

ወ/ሮ አልማዝ
ድዴስ እንዳለ ነው። ሁለት ጥርስም ነቅሎልኛል። ግን የሱን ያህል ሰው አክባሪ አላየሁም።

ሲስተር ኤም
የጥርስ ክሊኒክ ነው የምሠራው። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል። የካዛንቺሱ ወንድሜ፣ መናደድህ ተገቢ ነው፣ አስቀድመው ሊያስረዱህ ይገባ ነበር። ግን ማጠቡ አይደለም ጥርስህን ያራራቀው። በጥርስህ መሃል የተጋገረው ታርታር፣ ማለትም የደነደነው ቆሻሻ፣ ክፍተቱን ደፍኖት ነበር። ያበጠው ድድም ሲሟሽሽ ቦታው ተገልጦ ታየ። ታርታሩ እዚያው ቢቆይ ኖሮ ከሥር አጥንቱን እያስበላ ይቀጥል ነበር። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይቀንሳል። ካልቀነሰ ሌላ ሐኪም አሳይ። ቤቲ፣ እባክሽ ቀጠሮሽን አትሰርዢ።

ሊያ፣ ክሊኒክ ስትመርጪ አንድ ነገር እዪ። ዋጋ ከመናገራቸው በፊት በቀጭን መለኪያ ድድሽን ዙሪያውን ይለካሉ ወይ? በጥርስና በድድ መሃል ያለው ጥልቀት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግር አለ። ራጅም ሊያስፈልግ ይችላል። ሳይለኩ «ታጠቢ» ወይም «እንንቀለው» ካሉሽ ተነስተሽ ውጪ።

ምግብ የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የተበላ ጥርስ ወይም የተሰበረ ሙሌት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ቦታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የድድ ነገር ነው። ስኳር ካለብሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ድድ ይጎዳል። የሸሸ ድድ በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ሽሽቱን ማስቆም ግን ይቻላል። አንዳንዱ ላይ ከላንቃ ሥጋ ተወስዶ ይለጠፋል።

ስቴኪኒውን ተይው፣ ድድሽን እየገፋው ነው። የመሃል ብሩሽ በተለያየ መጠን ይመጣል። ሳትታገይ የሚገባውን ውሰጂ። ዋናው ብሩሽሽም ለስላሳ ይሁን፣ አትፈትጊው። መፋቂያም ያው ነው፣ ጋሼ፣ የጥርሱን ፊት ያጸዳል፣ መሃሉ ግን አይደርስም።

ዮኒ
ይሄ ነው መልስ። ሊያ፣ ብሩሹን መጀመሪያ ከነማ መድኃኒት ቤት ጠይቂ። ከሌለ ብሔራዊ አካባቢ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች እዪ። መጠኑን ሳታውቂ ብዙ እንዳትገዢ።

የካዛንቺስ ልጅ
ሲስተር፣ እሺ ታርታር ነው እንበል። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? እኔ ከዚህ በኋላ ማሽን አላስነካም።

ሲስተር ኤም
ታጨሳለህ ወንድሜ? ሲጋራ ድድ እንዳይደማ ስለሚያደርግ በሽታው ይደበቃል። ለዚህ ነው የምጠይቅህ።

የካዛንቺስ ልጅ
አንዳንዴ። እሱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ሊያ አራት ኪሎ
ሁላችሁም ተባረኩ። ሲስተር፣ መንጋጋዬ ላይ የድሮ ሙሌት አለ፣ የሚገባውም እዚያው ጎን ነው። ልኬቱ ያማል?

ሲስተር ኤም
መጫን ነው የሚሰማሽ፣ የተቆጣ ድድ ላይ ትንሽ ይነካል። ሙሌቱን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ማሂ
ይቅርታ፣ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ ተደራርቧል። ብሬስ በደንብ የሚሠራ አራት ኪሎ አካባቢ ታውቃላችሁ?

ወ/ሮ አልማዝ
የኔ ሐኪም ይሠራል ልጄ። በውስጥ ስልኩን ልላክልሽ።