ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለሳችሁ የምታነቡት መቼ ነው?

ሰላም ቤተሰብ። 2017 ሊያልቅ ነው፤ እኔም ዓመቱን ዞር ብዬ እያየሁት ነው። የማድረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ዕቁቤን ሳላቋርጥ ጥያለሁ፤ ደስ ብሎኛል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ወደ ጦሳ ተራራ በእግር እወጣለሁ። ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ግን ከላይ ሆኖ ደሴን ማየት ድካሙን ያስረሳል።

ያቃተኝ ንባብ ነው። ሚኒባስ ውስጥ እንዳላነብ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ያጥወለውለኛል። ማታ ስመለስ የደሴ ብርድ ብርድ ልብስ ውስጥ ይከተኛል፤ መጽሐፉን ደረቴ ላይ እንደዘረጋሁት እንቅልፍ ይወስደኛል። ሌሊት 11 ሰዓት መነሳትም ሞክሬ ነበር፤ ቀን ሥራ ላይ አፈዘዘኝ።

እንደኔ እየተመላለሳችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ የትኛው ሰዓት ተሳካላችሁ? በምሳ ሰዓት የሞከረስ አለ? በእናታችሁ ንገሩኝ፤ በ2018 ይህቺን ልማድ ከልቤ እፈልጋታለሁ።