ኪስ የማይጎዳ ጥቁርና ነጭ ፊልምና ዴቨሎፐር፦ የቱን ልያዝ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የ35 ሚሊ ሜትር ሜካኒካል ካሜራ አለችኝ፤ ሌንሷ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ የሰው ፊት ማንሳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማነሳው ቤት ውስጥ፣ በመስኮት ብርሃን ነው። በወር አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ፊልም እጨርሳለሁ። ከአሁን በኋላ ፊልሙን ራሴ ማጠብ እፈልጋለሁ። የፊልም ማጠቢያ ታንክ አለኝ፤ ፊልም የምጭንበት ጥቁር ከረጢትም አለኝ። ያስቸገረኝ ምርጫው ነው። ሁሉም የኮዳክን ትራይ-ኤክስ ፊልም ያወድሳል፤ እኔ ግን በየወሩ እሱን መግዛት አልችልም። ረከስ ብሎ ጥሩ የሆነ ፊልም የቱ ነው? ከየትኛው ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ጋር? ምክንያቱንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1

ከረከሱት ውስጥ ዓይንሽን የምትጥይባቸው ሁለት ናቸው፤ ፎማፓን እና ኬንትሜር። ፎማፓን የቼክ ሥራ ነው፤ 100፣ 200 እና 400 አለው። ቁጥሩ የፊልሙ ፍጥነት ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል። ኬንትሜርን የሚያመርተው የኢልፎርድን ፊልሞች የሚሠራው የእንግሊዙ ሃርማን ነው፤ እሱም 100፣ 200 እና 400 አለው።

ቤት ውስጥ ካልሽ 400 የግድ ነው። ታዲያ ፎማፓን 400 የስሙን ያህል ፈጣን አይደለም። ሳጥኑ ላይ 400 ይበል እንጂ ጥላው ውስጥ ያለው ነገር እንዲወጣልሽ ካሜራውን 200 ወይም 250 ላይ ማድረግ አለብሽ። በመስኮት ብርሃን ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ1/60 ሰከንድ ታነሺው የነበረውን በ1/30 ልታነሺ ነው። እጅሽ ባይንቀጠቀጥ እንኳ የተቀመጠው ሰው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ለአንቺ ኬንትሜር 400ን እመርጣለሁ። ውጭ፣ ደህና ብርሃን ባለበት ከሆነ ፎማፓን 100 በጣም ቆንጆ ፊልም ነው። መዝጊያው ለረጅም ጊዜ ለሚከፈትበት የሌሊት ፎቶ ግን አትያዢው፤ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲሆን ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል።

መልስ 2

በፊልሙ እስማማለሁ። ዴቨሎፐር ስትመርጪ ግን ከዋጋው በፊት ዕድሜውን ጠይቂ። በወር አንድ ፊልም ለሚያጥብ ሰው ርካሹ ዴቨሎፐር ሳያልቅ የማይበላሸው ነው።

ስለዚህ ሮዲናል ያዢ። ከ1891 ጀምሮ ያለ ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱ ተከፍቶ ለዓመታት ይቀመጣል፤ መልኩ ቢጠቁርም ይሠራል። በ1+50 ስትበጠብጪው ለአንድ ፊልም 6 ሚሊ ሊትር በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። የ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ80 በላይ ፊልም ያጥባል። 6 ሚሊ ሊትሩን በስሪንጅ ለኪው፤ በዓይን ግምት አይሆንም።

መልስ 3

ሮዲናል መልካም ነው፤ ለዚህች እህት ሥራ ግን አይመስለኝም። እኔ የኮዳክን ዲ-76 እመርጣለሁ፤ በዱቄት የሚሸጥ ዴቨሎፐር ነው። 400 ፊልም በሮዲናል ሲታጠብ ግሬይኑ (የምስሉ ቅንጣት) ፈጦ ይወጣል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ያምራል፤ የሕፃን ጉንጭ ላይ ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ምክንያቱ ሶዲየም ሰልፋይት ነው። ዲ-76 ውስጥ በሊትር 100 ግራም ሰልፋይት አለ፤ የግሬይኑን ጠርዝ እያሟሟ ያለሰልሰዋል። ሮዲናል ተበጥብጦ ሲቀጥን ግን ሰልፋይቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የዱቄቱ ዕድሜም ቢሆን ያን ያህል አያስፈራም። አንድ ሊትር ዲ-76 እስከ አፉ በሞላ፣ ጥብቅ አድርጎ በተከደነ ጠርሙስ 6 ወር ያህል ይቆያል። የሚያበላሸው ጠርሙሱ ሲጎድል የሚገባው አየር ነው። እኔ እንደበጠበጥኩት 150 ሚሊ ሊትር በሚይዙ ትናንሽ የብርጭቆ ጠርሙሶች እከፋፍለዋለሁ። ለአንድ ፊልም አንድ ጠርሙስ ከፍቼ በእኩል ውሃ አቀጥነዋለሁ፤ ከታጠበ በኋላ ይደፋል። ከአንድ ሊትር 6 ፊልም ይወጣል። አንቺ ደግሞ ያንን ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ትጨርሺዋለሽ። ልክክ ይላል።

ከዱቄቱ ግማሹን ቆንጥረሽ ለመበጥበጥ ግን እንዳታስቢ። ንጥረ ነገሮቹ ፓኬቱ ውስጥ እኩል አልተደባለቁም፤ ሙሉውን በአንዴ ነው የሚበጠበጠው። የኢልፎርድ አይዲ-11ም በተግባር ያው ነው፤ ከሁለቱ የረከሰውን ግዢ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ኬንትሜር 400 እና ዲ-76 ልይዝ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። የቧንቧዬ ውሃ 24 ዲግሪ ነው፤ በረዶ መፈለግ አለብኝ? ፊልሙን በጥቅል ገዝቶ ራስ መጫንስ ያዋጣል?

መልስ 4

ልጄ፣ ለበረዶው አትጨነቂ። 24 ዲግሪ ይታጠባል፤ ሰዓቱን ማሳጠር ብቻ ነው። በ20 ዲግሪ 10 ደቂቃ የሚፈልግ ፊልም በ24 ወደ 7 ደቂቃ ይወርዳል። ዋናው ነገር ከዴቨሎፐሩ እስከ መጨረሻው ማለቅለቂያ ሁሉም ፈሳሽ ተቀራራቢ ሙቀት ላይ መሆኑ ነው። ከ5 ደቂቃ በታች እንዳይወርድብሽ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ሲያጥር ፊልሙ ወጥ ሆኖ አይታጠብም። ዲ-76ን በእኩል ውሃ የማቅጠን አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ሰዓቱ ይረዝማል፣ አሥር ሰከንድ ብትሳሳቺ አይጎዳሽም። አገላበጡ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ አራት ጊዜ፣ ከዚያ በየደቂቃው መግቢያ አራት አራት ጊዜ ታንኩን ገልበጥ መለስ ማድረግ። ዛሬ ቀስ፣ ነገ ፈጠን ካልሽ ኮንትራስቱ (የጥቁርና የነጩ ልዩነት) ይለዋወጥብሻል።

ጥቅሉ 30.5 ሜትር ነው፤ ባለ 36 ፎቶ ወደ 18 ፊልም ይወጣዋል። ያዋጣል። ግን ለአንቺ የዓመት ሥራ ነው፤ መጫኛ መሣሪያና ባዶ የፊልም ካሴትም ይጠይቃል። መጀመሪያ ስድስት ሰባቱን ነጠላ ፊልም ጨርሺና ፊልሙን ከወደድሽው ያኔ ግዢ። ራስሽ በጫንሽው ፊልም መጨረሻ ላይ ያሉት ፍሬሞች ብርሃን እንደሚነካቸውም እወቂ፤ የምትሳሺለትን ፊት እዚያ ላይ አታንሺ።

ማንም ያላነሳው ፊክሰሩን ነው፤ ከዴቨሎፐሩ በኋላ ምስሉን የሚያጸናውን ፈሳሽ። ያለቀበት ፊክሰር ኔጋቲቩን ወተት የነካው አስመስሎ ያስቀረዋል፤ ውሎ አድሮም ይበላሻል። ከማጠብሽ በፊት ከፊልሙ ምላስ (ከካሴቱ ወጥቶ ከሚታየው ጫፍ) ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጠሽ ፊክሰር ውስጥ ጣይ፤ ብርሃን ላይ ሆነሽ ይቻላል። ጥርት ብላ እስክታስተላልፍ የፈጀችውን ጊዜ ለኪና ፊልሙን የዚያን እጥፍ አቆይው። ፊክሰሩ አዲስ ሳለ የለካሽውን ጠርሙሱ ላይ ጻፊው። ቁራጯ የዚያን እጥፍ መፍጀት ስትጀምር አዲስ በጥብጪ።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ ጋሼ። ስድስቱን ጠርሙስ ዛሬውኑ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያውን ኔጋቲቭ አሳያችኋለሁ።