ጦስኝ፦ ማፍላት፣ አረቄ ውስጥ መዘፍዘፍ ወይስ ዘይቱን ማውጣት?

የጠባሴ ባለሱቅ
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ከመንዝ የሚመጣ ደረቅ ጦስኝ እሸጣለሁ። ደንበኛ የሚገዛው ለወጥ ብቻ አይደለም፤ ለሳልና ለሆድም ነው። አንዱ ግማሽ ሰዓት አንተክትኮ ይጠጣዋል፣ ሌላው አረቄ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ ዘይቱን አውጥተህ በጠርሙስ ሽጥልን የሚሉም አሉ። ብዙ የፈላው ይመራል፣ ሽታም የለው። መድኃኒትነቱ ጠፋ ማለት ነው? ግራምና ደቂቃ ያለው መልስ እፈልጋለሁ።

ፋርማሲ ቤት
ግማሹ ጠፍቷል፣ ግማሹ አለ። ሽታውን የሚሰጠው የሚተን ዘይት ነው፤ ዋናዎቹ ቲሞልና ካርቫክሮል ሲሆኑ ተህዋሲያንን የሚቋቋሙት እነሱ ናቸው። እንደ ሮዝማሪኒክ አሲድ ያሉት ደግሞ ውኃ ውስጥ ይሟሟሉ እንጂ አይተኑም፤ ከመራራው ጋር ድስቱ ውስጥ ይቀራሉ።

«ቲሞል የሚፈላው በ232 ዲግሪ ስለሆነ ውኃ ሲፈላ አይሄድም» የሚል ሰው አይጠፋም። ተሳስቷል፤ ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ድስት ከፍቶ ግማሽ ሰዓት የሚያንተከትክ ሰው የሚያክመው ቤቱን ነው።

ለሻይ፦ ለአውሮፓው ታይም የተለመደው ከ1 እስከ 2 ግራም ደረቅ ቅጠል በ150 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ነው። ጦስኝ የቅርብ ዘመዱ ነውና ከዚያ አትለፉ። ውኃው ሲፈላ አውርዱት፣ ቅጠሉን ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ክዳኑ ሥር ያቆረውን ጠብታ መልሳችሁ አራግፉበት፤ ከዘይቱ የተወሰነው እዚያ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነና ቶሎም ስለሚቀዘቅዝ ማንቆርቆሪያውን አስቀድማችሁ አሙቁት፤ 15 ደቂቃ ቢቆይም ችግር የለውም።

ቀማሚ
አረቄው ከውኃ ይልቅ ዘይቱን በደንብ ይስባል። 1 እጅ ደረቅ ቅጠል በ5 እጅ፣ ማለትም 100 ግራም በግማሽ ሊትር፤ በጠርሙስ፣ ጨለማ ቦታ፣ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ እየተናጠ፤ ከዚያ በነጠላ ማጥለል። ችግሩ የቤት አረቄ ጉልበቱ አለመታወቁ ነው። አልኮሉ 40 በመቶ ያልደረሰ ከሆነ የሚወጣው ዘይት ያንሳል። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለጉበት ሕመምተኛ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ቅቤ ስታነጥሩም ያው ሥራ ነው፤ ቲሞል ስብ ይወዳል። ግን ጦስኙን ከመጀመሪያው የሚጨምሩ አሉ፤ የቅቤው ውኃ ሲተን ሽታውን ይዞት ይሄዳል። አረፋው ካለቀ በኋላ ጨምሩና እሳቱን አጥፉ። በምግብ ዘይት የምትዘፈዝፉ ከሆነ እርጥብ ቅጠል አትጠቀሙ፤ እርጥበት ያለበት ቅጠል አየር በማይገባው ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መርዝ ሊያፈራ ይችላል፣ በማሽተትም በመቅመስም አይታወቅም።

የጠባሴ ባለሱቅ
እግዜር ይስጥልኝ። ዘይቱን ማውጣቱስ? ደግሞ የማመጣው ጦስኝ አንዳንዱ ገና ሲመጣ ሽታው ደካማ ነው።

ቀማሚ
ሽታው የደከመው ፀሐይ ላይ ስላሰጡት ይሆናል። በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት፣ በስሱ ተዘርግቶ ይድረቅ። ተወቅጦ የመጣ አትግዛ፤ ቅጠሉ ከተፈጨ ዘይቱ ቶሎ ይበናል። ከነሥሩ የተነቀለም አትቀበል፣ ተክሉ መልሶ አያቆጠቁጥም።

ለዘይቱ ቅጠሉን ውኃው ውስጥ አትንከረው፤ ከውኃው በላይ በወንፊት አስቀምጠው እንፋሎት ይለፍበት፤ ታች ከነካ ያርና ዘይቱ የቃጠሎ ሽታ ይይዛል። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይበቃል፣ አብዛኛው የሚወጣው መጀመሪያ ላይ ነው። ከ1 ኪሎ ደረቅ ቅጠል 10 ሚሊ ሊትር ካገኘህ ደህና ነው። እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል። የላስቲክ ቱቦ ግን አይሆንም፣ ዘይቱ ይበላዋል፤ የማይዝግ ብረትና ጥቁር ጠርሙስ ተጠቀም። ቲሞል የበዛበት ዘይት በደብረ ብርሃን ብርድ ነጭ ክሪስታል ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ደንበኛ «ተቀይጧል» ቢልህ ለብ ባለ ውኃ አሙቀህ አሳየው።

ፋርማሲ ቤት
ጠርሙሱን የምትሸጥ ከሆነ «አይጠጣም» ብለህ ጻፍበት። ዘይቱ ከተክሉ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው፣ ሮዝማሪኒክ አሲዱ የለበትም፤ ሳይቀየጥ ቆዳ ያቃጥላል። ለመታሻ 1 ሚሊ ሊትር በ100 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ይበቃል፣ ሕፃን ፊት አጠገብ ግን አይሁን። ለግፊት ብሎ የሚጠይቅህ ካለ ሻዩን ሽጥለት፣ ክኒኑን ግን እንዳያቋርጥ ንገረው።