ዲፌንስ ላይ ድምፄ ይጠፋብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «የመጨረሻ ዓመት»

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፌን አቀርባለሁ። የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ የፈታኞች ጥያቄ አለ። ሥራውን አውቀዋለሁ። ጭንቄ ሰው ፊት መቆሙ ነው። ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፄ ይቆራረጣል። ስላይዱ ደግሞ 32 ደርሷል፤ የቱን ልቀንስ? በቃሌ ልያዘው ወይስ ከወረቀት ላንብብ? ያለፋችሁበት እስቲ ምከሩኝ።

መልስ፦ «ፈታኝ ወንበር»

አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ስላይዱን እንቁረጥ። 32ቱን በ15 ደቂቃ ልታሳዪን ካሰብሽ ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ከ10 እስከ 12 ይበቃል። ቅድሚያ የሚቆረጠው የቀደምት ጥናቶች ዳሰሳ ነው። እኛ ጽሑፉን አንብበን ነው የምንመጣው። ምን ጠየቅሽ፣ እንዴት አጠናሽ፣ ምን አገኘሽ፤ ይኼው ነው። ጊዜሽን ያገኘሽው ላይ አጥፊ።

የተቀነሱትን ግን አትሰርዣቸው። ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ ደርድሪያቸው፣ ቁጥራቸውንም ወረቀት ላይ ያዢ። ጥያቄ ሲመጣ ፓወርፖይንት ላይ ቁጥሩን ጽፈሽ ኢንተር ስትጫኚ በቀጥታ እዚያ ይወስድሻል።

ስንጠይቅሽ ደግሞ እስክንጨርስ ጠብቂን። ነጥቡን ጻፊ። ካልገባሽ «ጥያቄው እንዲህ ለማለት ነው?» በይ፤ ማንም አይቀየምሽም። የማታውቂው ከሆነ «ይህን በጥናቴ አላየሁትም» ብለሽ እለፊ። ፈታኝን የሚያናድደው መቀባጠር ነው፣ አላውቅም ማለት አይደለም።

መልስ፦ «ቀጭን ድምፅ»

እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ሙሉውን በቃል መያዝ ይቅርብሽ። አንዲት ቃል ከጠፋችሽ የቀረውም አብሮ ይጠፋል። በቃልሽ የምትይዢው የመክፈቻ ዓረፍተ ነገሮችንና መዝጊያዋን ብቻ ይሁን። መሀሉን ስላይዱ ያስታውስሻል።

ልምምዱን ቆመሽ፣ ጮክ ብለሽ፣ ሰዓት ይዘሽ አድርጊው። በሆድ ማንበብ ልምምድ አይባልም! ጓደኞችሽን አስቀምጫቸውና ክፉ ክፉ ጥያቄ ይጠይቁሽ። 13 ደቂቃ ላይ መጨረስ ልመጂ፤ የቀረውን ሳል፣ ውኃና የማይከፈት ፋይል ይወስዱታል።

መልስ፦ «ሳይኮሎጂ ክፍል»

ስለ መንቀጥቀጡ ሁለት ነገር ልበል። ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ተናጋሪ ፍርሃቱ ለአድማጩ ከሚታየው በላይ የሚታይ ይመስለዋል። ይህ አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ደግሞ የተሻለ ንግግር አድርገዋል። ስለዚህ ተነግሮሻል!

ሌላው የአሊሰን ውድ ብሩክስ የ2014 ጥናት ነው። ከንግግር በፊት ራሳቸውን «ጓጉቻለሁ» ያሉት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ አሳማኝ ሆነው ተገኝተዋል። ልብ እየደለቀ ተረጋጋ ማለት ከባድ ነው። ጉጉትም ልብ ያስደልቃል፤ ከፍርሃት ወደ እሱ መሻገር ይቀላል። ከመግባትሽ በፊት ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ ማስወጣትም ይረዳል።

መልስ፦ «አቋራጭ»

ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን አለ፣ መንቀጥቀጡን ቀጥ ያደርገዋል። አንዱን ዋጥ አድርጊ በቃ።

መልስ፦ «ፋርማሲስቷ»

ኧረ ወንድሜ፣ ተው! የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት ነው። አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የደም ግፊትም ያወርዳል። ሐኪም ሳያይሽ እንዳትሞክሪው እህቴ። ለዲፌንስ ብሎ ከሰው ተቀብሎ መዋጥ አያስፈልግም።

መልስ፦ «ኬብል»

የአማርኛ ጽሑፍ ካለሽ የፊደሉ ቅርጽ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊበላሽ ይችላል። ፒዲኤፍ ቅጂ አዘጋጂ። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪ። ከቻልሽ ቀድመሽ ሄደሽ ከፕሮጀክተሩ ጋር ሞክሪው። ሰው አንቺን እንዲያይ ስትፈልጊ ደግሞ ፓወርፖይንት ላይ የእንግሊዝኛዋን «ቢ» ተጫኚ፤ ስክሪኑ ይጠቁራል። ስትደግሚያት ይመለሳል።

«የመጨረሻ ዓመት»

ተመልሻለሁ። አለፍኩ! ጥቂት እርማት አለብኝ እንጂ አልፌያለሁ።

ኬብል፣ እግዜር ይስጥህ። የአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ፊደሎቼ በሙሉ ሣጥን ሆነው ቀሩ፤ ያተረፈኝ ፒዲኤፉ ነው። ፈታኝ ወንበር፣ ስለ ናሙና አመራረጤ ሲጠይቁኝ የቀነስኩትን ሠንጠረዥ አውጥቼ አሳየሁ። ፒዲኤፍ ስለሆነ የቁጥሩ ዘዴ ባይሠራም ወርጄ አገኘሁት። ቀጭን ድምፅ፣ መክፈቻዬ ላይ ድምፄ ተንቀጥቅጧል፤ በቃሌ ስለያዝኳት ግን አፌ አላቆመም። ከዚያ በኋላ ራሱ ተስተካከለ። ጓደኞቼም ያንኑ ነገር ደጋግሜ ስለፈልፍ ሳይሰለቹ ሰምተውኛል። አንዷ የጠየቀችኝን ጥያቄ ፈታኙ ቃል በቃል ሊደግመው ምንም አልቀረው፤ ሳቄን ነው የያዝኩት።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። እነሱንና አማካሪዬን በምን ላመስግን? ስጦታ ልግዛ?

መልስ፦ «ፈታኝ ወንበር»

እንኳን ደስ ያለሽ! ለአማካሪሽ ስጦታ አትግዢ፤ በተለይ ውጤትሽ ሳይፈረም ያሳፍራቸዋል። አጭር ደብዳቤ ጻፊላቸው። «ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» ብቻ ከሆነ ግን ማንም የሚጽፈው ነው። የትኛው አስተያየታቸው የትኛውን ምዕራፍ እንዳዳነው ንገሪያቸው። እኛ ወንበር ላይ ላለን ሰዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብዙ አይደርሰንም።

ጓደኞችሽን በተመለከተ፣ እርማቱን ስታስገቢ የምስጋና ገጹንም መንካት ትችያለሽ። ስማቸውን ከሠሩት ጋር ጻፊው። ደግሞ እርማቱን አታሳድሪው፤ ካለፉ በኋላ ነው ሰው የሚዘናጋው።

መልስ፦ «ቀጭን ድምፅ»

እነሱም ዲፌንስ አለባቸው አይደል? አሁን ደግሞ አንቺ ተቀመጪላቸው። ክፉ ክፉ ጥያቄ ጠይቂያቸው።

«የመጨረሻ ዓመት»

የአንዷ ሐሙስ ነው። ጥያቄዎቹን ጽፌ ጨርሻለሁ።