ቀዩ አፈር ሜታል ዲቴክተሩን እያስጮኸብኝ ነው፤ የጅማ ልጆች እርዱኝ

ጅማ፣ በቤተሰብ ግቢ ውስጥ፣ አያቴ ከአንገታቸው የወደቀባቸውን የማርያ ቴሬዛ ብር እየፈለግኩ ነው። (ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ አልሞክርም፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ በአዋጅ 209/1992 አይቻልም።)

ማሽኑ ቪኤልኤፍ (በዝቅተኛ ድግግሞሽ ሞገድ የሚሠራ)፣ ኮይሉ (መሬት ላይ የሚዞረው ጠፍጣፋው ክፍል) 28 ሴንቲ ሜትር ኮንሴንትሪክ፣ ማለትም ክብ በክብ ውስጥ የተጠመጠመ ነው። ቀዩ አፈር ብረት ስለሚበዛበት ኮይሉን ዝቅ ሳደርገው ይጮኻል፤ ዝናብ ሲመታውማ ይብሳል። ግራውንድ ባላንሱን (የአፈሩን ድምፅ የሚያጠፋውን ማስተካከያ) የተቀበረ ብረታ ብረት የሌለበት ቦታ ላይ፣ ኮይሉን ከ30 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አስተካክለዋለሁ፤ ጥቂት እርምጃ ሄድ ስል ግን ይዛባል። ሴንሲቲቪቲውን (የማሽኑን ስሜት) በግማሽ ስቀንሰው ዝም ይላል፤ ነገር ግን ለሙከራ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የቀበርኩትን ሌላ ማርያ ቴሬዛ (28 ግራም፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ) እንደ ሚስማር ያነበዋል። አየር ላይ ግን ጥርት አድርጎ ይለየዋል፤ ስለዚህ ብልሽት አይመስለኝም። ዲስክሪሚኔሽን (ሚስማርን የመሰለ ቆሻሻ ዝም ብሎ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ማጣሪያ) ብጨምር በዚህ ንባብ ብሩም አብሮ ይታለፍብኛል።

15 ሴንቲ ሜትር ዲዲ ኮይል (ሁለት የ"D" ቅርጽ ጥምጥሞች የተደራረቡበት) ብገዛ ይበቃኛል? የሚያየው አፈር ትንሽ ስለሆነ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ጥልቀት ግን ይወስድብኛል። ፒአይ ማሽን (በተቆራረጠ የኤሌክትሪክ ምት የሚሠራ) አፈሩን ይችለዋል፤ ሚስማርን ከብር በደንብ ስለማይለይ ግን እፈራዋለሁ፣ ግቢው የቆርቆሮ ሚስማር ሞልቶታል። እዚህ አፈር ላይ የሠራችሁ፣ እባካችሁ ሴቲንጋችሁን ንገሩኝ።