ሳቢያን ያለ ረጅም ግቢ፦ ዋይፋዩ ጓሮ አልደርስ አለ

ማንጎ_ግቢ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን። ግቢው ከበሩ እስከ ጓሮ 95 ሜትር ይሆናል። ፋይበሩ የገባው መንገድ ዳር ባለው ዋና ቤት ነው፣ 25 ሜጋ። ከዋናው ቤት 40 ሜትር ላይ ሰርቪስ ቤት አለ፤ 80 ሜትር ላይ ደግሞ አራት የሚከራዩ ክፍሎች። ሁሉም ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መሀል ላይ ሁለት ትልልቅ ማንጎ። ሰርቪስ ቤት ሪፒተር (ምልክት ተቀብሎ የሚደግም ዕቃ) ተሰክቷል፤ ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ቪዲዮ ግን አይከፍትም። ጓሮማ ጭራሽ የለም። ግማሹ መሬት ኮንክሪት ስለፈሰሰበት መቆፈር ይከብዳል። ጠንካራ አንቴና ያለው ራውተር ቢገዛ ይፈታል? መብራት ሲጠፋም ሁሉም አብሮ ይጠፋል፣ ለእሱም መላ ካላችሁ።

ገመድ_ይሻላል

አቦ ራውተሩን አትቀይር። ወሬ የሁለት ሰው ነው፦ ራውተሩ ጮሆ ስልኩ ቢሰማውም፣ የስልኩ ድምፅ ተመልሶ ካልደረሰ ምንም አይከፈትም። ባለ ስምንት አንቴና ብትገዛ የስልክህ አንቴና ያው ነው።

ሪፒተሩ ላይ የምታየው ሙሉ ምልክት ከስልክህ እስከ ሪፒተሩ ያለው ብቻ ነው። ሪፒተሩ ራሱ ከዋናው ቤት ምን እየተቀበለ እንደሆነ አይነግርህም። ዋይፋይ አናላይዘር የሚባለውን አፕ ጫንና ሪፒተሩ በተሰካበት ቦታ ቆመህ የዋናውን ራውተር ምልክት ለካ። ወደ -65 ዲቢኤም (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል) ከሆነ ደህና ነው፤ -75 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሪፒተሩ የሚደግመው የተበላሸውን ነው። ባለ አንድ ባንድ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቻናል ተቀብሎ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱ ግማሽ ይሆናል።

የኔትወርክ ገመድ ዘርጋ። መቆፈር የለብህም፤ በአጥሩ ግንብ ላይ በክሊፕ፣ ከቤት ወደ ቤት በአየር የሚያልፈውን ደግሞ በተወጠረ የብረት ሽቦ ላይ አስረህ። አራት ነገር ልብ በል።

ርዝመቱ ከጫፍ ጫፍ ከ100 ሜትር አይለፍ። 80 ያልከው ቀጥታው ነው፤ በአጥሩ ዞሮ፣ ግድግዳ ወጥቶ ወርዶ 100ን ሊያልፍ ይችላል። ኬብል ከመግዛትህ በፊት በገመድ ለካው። ካለፈ ሰርቪስ ቤቱ ላይ ትንሽ ስዊች (የኔትወርክ ኬብል ማከፋፈያ) አስገባና ከዚያ ቀጥል፤ ከስዊቹ በኋላ 100 ሜትሩ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

የውጭ ኬብል ግዛ፣ ጥቁር ሽፋን ያለውን። የቤት ውስጡ ግራጫ በድሬ ፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ይገባበታል።

መዳብ መሆኑን አረጋግጥ። «ኬት 6» (የኔትወርክ ኬብል ደረጃ) ተጽፎበት ውስጡ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም የሆነ ብዙ ነው። የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርገው፤ ከውስጥ ብርማ ከወጣ አልሙኒየም ነው። ጥቅሉ ሳይፈታ መለካት ከፈለግህ በአንድ ጫፍ የአንዱን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች አጣምራቸው፣ በሌላው ጫፍ በመልቲሜትር ኦሙን አንብብ። ለ80 ሜትር ከ11 እስከ 14 ኦም መዳብ ነው። ከ17 በላይ ካነበበ መልሰው። በኬብሉ መብራት የምትልክ ከሆነ አልሙኒየሙ ቮልት ይበላል፤ አክሰስ ፖይንቱ (በኬብሉ ጫፍ ዋይፋይ የሚያሰራጨው ዕቃ) ሰው ሲበዛበት እየጠፋ ይነሳል፣ አንተም ጥፋቱን ዕቃው ላይ ታደርጋለህ።

ጫፉን ስትገጥም የቀለሙ ተራ በሁለቱም በኩል አንድ ይሁን፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ።

ከዚራ_ኔት

በገመዱ እስማማለሁ፣ ለሰርቪስ ቤቱ። ለጓሮው ግን በገመድ አልባ ድልድይ መሄድም ይቻላል፤ ሁለት ቲፒ-ሊንክ ሲፒኢ510 (የውጭ አንቴና)፣ አንዱ ዋናው ቤት ጣሪያ ጠርዝ፣ ሌላው ተከራይ ክፍሎቹ ላይ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ። ማንጎው መሀል ከገባ ተወው። ውሃ የሞላው ቅጠል 5 ጊጋኸርዝን ይውጣል፤ ማንጎ ደግሞ ቅጠሉን ጨርሶ አያረግፍም። ከሚተያዩበት መስመር ዙሪያ 1 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኑር።

ሁለቱም ከካርቶን ሲወጡ አድራሻቸው 192.168.0.254 ነው። ለየብቻ ሰክተህ አንዱን ወደ 192.168.0.253 ቀይር፣ አለዚያ ሁለቱም ሲነሱ አንዱን ስትፈልግ ሌላው ይከፈትልሃል። ዋናው ቤት ያለው አክሰስ ፖይንት፣ የጓሮው ክላየንት (ተቀባይ) ይሁን። 80 ሜትር ለእነሱ ቅርብ ስለሆነ ኃይላቸውን ቀንስ፤ ከ-45 እስከ -60 ዲቢኤም ይበቃል። በሙሉ ኃይል መጮህ ቅርብ ለቅርብ ያደነቁራል።

ድልድዩ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ በሁለት ቤት መሀል የተወጠረ የመዳብ ገመድ በነሐሴ መብረቅ ፖርት ያቃጥላል። ገመድ ከመረጥክ በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ አድርግና መሬት አስረው። መሬት ያልታሰረ መከላከያ ጌጥ ነው።

መብራቱን በተመለከተ ገመዱ ያሸንፋል። ፖኢ ስዊች (በኔትወርክ ኬብሉ መብራትም የሚልክ) ዋናው ቤት ካስቀመጥክ ለአክሰስ ፖይንቶቹ መብራት የሚሄደው ከዚያ ነው፤ አንድ ዩፒኤስ (ባለ ባትሪ መጠባበቂያ) ሁሉንም ይይዛል። የፋይበሩ ሳጥን፣ ራውተሩና ሁለት አክሰስ ፖይንት ተደምረው 30 ዋት ገደማ ናቸው። የ12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ነው፤ በተግባር 2 ሰዓት እንኳ አትጠብቅበት። ድልድዩ ከሆነ ጓሮው የራሱ ባትሪ ይፈልጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 24 ቮልት የሚልከውና 48 ቮልት የሚልከው ፖኢ አይለዋወጡም። ዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ አትሰካ።

ማንጎ_ግቢ

እናመሰግናለን። ለሰርቪስ ቤቱ ኬብሉ ተዘረጋ፣ 46 ሜትር በላ። ለጊዜው ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር ተሰካ። ስልክ ይገናኛል ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ አንዳንዴ ዋናው ቤትም አብሮ ይጠፋል።

ገመድ_ይሻላል

የሁለቱም ራውተሮች አድራሻ 192.168.1.1 ነው፣ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ። አንድ ቤት ሁለት አባወራ። የአሮጌውን ኬብል ንቀል፣ ላፕቶፕ ሰካበትና በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፦ መጀመሪያ አድራሻውን 192.168.1.2 አድርገህ አስቀምጥ፤ በአዲሱ አድራሻ ተመልሰህ ግባ፤ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ አድርግ፤ ዲኤችሲፒውን (አድራሻ ማደሉን) በመጨረሻ አጥፋ። ቀድመህ ካጠፋኸው ላፕቶፑ አድራሻ ያጣና ውጭ ትቀራለህ። ከዚያ ከዋናው ቤት የመጣውን ኬብል ላን የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰካ፣ ዋን ላይ አይደለም። ዋናው ራውተር ማደል የሚጀምረው ከ192.168.1.100 ይሁን፣ 192.168.1.2ን ለሌላ እንዳይሰጥብህ።

ቻናሉን አውቶ ላይ አትተወው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋናው ቤት 1፣ ሰርቪስ 6፣ ጓሮ 11፤ ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ። ሪፒተሩንም ንቀለው፣ ስልኮች እየሄዱ እሱ ላይ ይጣበቃሉ።

ጀጎል_በር

ሐረር ላይ ይህን ለሚያነብ፦ ጀጎል ውስጥ የቸገረው ርቀቱ አይደለም፣ ወፍራሙ የድንጋይ ግንብ ነው። የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አንዱን ግንብ ካለፈ ትልቅ ነገር ነው። ክፍሎቹ ወደ ግቢው ስለሚከፈቱ አክሰስ ፖይንቱን ግቢው መሀል ወደ በሮቹ አዙሮ መስቀል ቤት ውስጥ ከመደበቅ ይሻላል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነውና ግንቡን አትብሱት፤ የመብራት መስመሩ የገባበት ቀዳዳ ወይም የመስኮቱ ጠርዝ ይበቃል።

ማንጎ_ግቢ

ሠርቷል፣ ሰርቪስ ቤት 23 ሜጋ እየሰጠ ነው። ለጓሮው የውጭ አክሰስ ፖይንት ሊገዛ ነው። የብረት ሳጥን ውስጥ ማስገባት ይሻላል ወይስ ባዶውን?

ከዚራ_ኔት

ብረት በፍጹም፤ ሞገዱን ይዘጋል፣ በግንቦት ደግሞ ምድጃ ይሆናል። የውጭ ከሆነ ባዶውን ስቀለው፣ ከቆርቆሮው ክዳን በታች፣ የከሰዓት ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ። ኬብሉ ወደ ዕቃው ከመግባቱ በፊት አንድ ስንዝር ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ ውሃው ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ ፖርቱ ውስጥ አይገባም።